ሳይሠራ ፎቶ የተነሣ ሳሎን

ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሣው ነገር አስቀድሞ መኖር አለበት የሚለው የቆየ ሕግ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ከተሻረ ሰንበትበት ብሏል። መሠረቱ ገና እየተቆፈረ ባለ ቦታ፣ በቆርቆሮ አጥር ላይ በተወጠረ ባነር፣ ቡናው ተፈልቶ እንግዳ ብቻ የቀረው የሚመስል ሳሎን ይታያል፤ የመጋረጃው እጥፋት፣ የሶፋው ትራስ፣ ከኮርኒሱ ጂፕሰም ውስጥ የሚፈሰው ቢጫ መብራት ሳይቀር በየሥፍራው ነው፤ የጎደለው ቤቱ ብቻ ነው። ይህን ምስል ባለቤቱም፣ ግንበኛውም፣ አላፊ አግዳሚውም «ስሪዲ» ይሉታል፤ በሙያው ውስጥ ያሉት ግን ስሪዲ የሚሉት በኮምፒውተር ውስጥ በርዝመት፣ በወርድና በቁመት የሚታነጸውን ሞዴል ሲሆን፣ በሞዴሉ ላይ ብርሃንና ጥላ ተሰልቶ የሚወጣውን የመጨረሻ ምስል «ሬንደር» ብለው ይለዩታል። አንዱ ሬንደር ከፎቶግራፍ አልለይ ሲል ሌላው ከፕላስቲክ የተጋገረ የሚመስልበት ምክንያት በኮምፒውተሩ ዋጋ ብቻ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ለነጋዴዎች ተትቶ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን አይፈታም።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርሃን ጠባይ ነው። ብርሃን በመስኮት ገብቶ አንድ ነገር ላይ በማረፉ ሥራውን አይጨርስም፤ ከወለሉ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ኮርኒሱ እየነጠረ፣ የነካውንም ቀለም በየደረሰበት ጥቂት ጥቂት እያወረሰ ይዞራል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን በኮምፒውተር ሥዕል ለማሳየት የመረጡት ቤት ባዶ ሣጥን ነበር፤ አንዱ ጎኑ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ የቀረው ነጭ ሲሆን፣ ነጩ ገጽታ ከቀዩ አጠገብ ቀላ ያለ፣ ከሰማያዊው አጠገብ ደግሞ ሰማያዊ ጣል ያለበት ሆኖ መታየቱ በሙያው ታሪክ እንደ ትልቅ እመርታ ተቆጥሯል። ሰማያዊ ሸራ በተወጠረበት ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ግን ነጩ ነጠላ ሰማያዊ እንደሚሆንና የደህናው ሰው ፊት ከሐኪም ቤት የወጣ እንደሚመስል ሣጥን ሳያሠራ ያውቀዋል። (በሸራው ብርሃኑ ሰርጎ ያልፋል እንጂ አይነጥርም የሚል ተከራካሪ ቢነሣ ትክክል ነው፤ የቀለሙ ውርስ ግን ያው ነው።)

ከ2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ጄምስ ካጂያ የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዓይን የሚመጣው ብርሃን፣ ነጥቡ ራሱ የሚያመነጨውና ከዙሪያው ተቀብሎ የሚመልሰው ድምር መሆኑን በአንድ ቀመር አሰፈረ። ቡልጋሪያ ሶፊያ ውስጥ የተወለደው ቪሬይም፣ በቼክ አገር በተማሪ ሥራነት የተጀመረው ኮሮናም፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውና ኪሱ ላልሞላ ወጣት ዲዛይነር ባለውለታ የሆነው ብሌንደርም የተባሉት ሶፍትዌሮች የዚህ ቀመር ልጆች ናቸው። ቀመሩ ወረቀት ላይ የአንድ መስመር ሲሆን፣ መልሱን ለማግኘት ግን ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ ጨረሮችን በዘፈቀደ እየወረወረ፣ ጨረሩ እየነጠረ ሄዶ ብርሃን የሚመነጭበት ቦታ እስኪደርስ ይከታተላል።

በዚህ ስሌት ፊት ከባዱ ፈተና ባለ ብዙ ፎቅ የመስታወት ሕንጻ ሳይሆን የጉራጌ ጎጆ ነው። በመስታወቱ ሕንጻ ውስጥ የተወረወረ ጨረር ወዴትም ቢሄድ ሰማይ ያገኛል፤ በጎጆው ውስጥ ግን ብርሃን የሚገባው በአንድ በር ሆኖ፣ ጣሪያው በጢስ ጠቁሮ፣ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሞ ስለሚጠብቀው፣ ከመቶ ጨረር በሩን አግኝቶ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ውጤቱም በባለሙያዎች «ኖይዝ» የሚባለው ሆኖ፣ ምስሉ ላይ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ በሆቴሉ ግቢ ለክትፎ ቤት የሚሆን ባህላዊ ጎጆ የሚያሠራ ባለሀብት፣ «ዋናውን ሕንጻ ለመሥራት 2 ቀን ከበቃህ ይህቺ ትንሿ ጎጆማ የግማሽ ቀን ናት» ብሎ ዋጋ ሲቀንስ፣ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀውን ችግር ከናካቴው ገልብጦታል ማለት ነው። ዲዛይነሩ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ትቶት ያድራል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የሚጠፋው ጎጆው ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ በማንኛውም ቀመር ያልተገለጸ ቢሆንም በሰፊው የታወቀ ነው። ጤፉን የሚለቅም «ዲኖይዘር» የተባለ መሣሪያ በኋላ መጥቷል፤ ነገር ግን ጤፉን ሲለቅም የጅባውን ሽመናና የሣሩን ክር አብሮ ስለሚጠርገው፣ ጎጆው በሳሙና የታጠበ ይመስላል።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃው ገጽታ ነው። በሊሾ ወለል ላይ ቆሞ ወደ እግሩ የሚያይ ሰው ግራጫ ሲሚንቶ ያያል፤ ያው ሰው ቀና ብሎ ወለሉን በበሩ አቅጣጫ ሲመለከት ግን በሩ፣ ከበሩ ማዶ ያለው ሰማይና በደጃፉ የሚያልፈው ሰው እግር ተገልብጦ ይታየዋል። ዓይን ወደ ገጽታው በተጋደመ ቁጥር ገጽታው ወደ መስታወትነት የሚቀርብበትን መጠን ያሰላው ፈረንሳዊው ኦገስቲን ፍሬኔል (እ.ኤ.አ. 1788–1827) ሲሆን፣ ሕጉ ለሴራሚክም፣ እስከ ወገብ ዘይት ቀለም ለተቀባ ግድግዳም፣ ለጠረጴዛ ላይ ላስቲክም ይሠራል። ጀማሪ ዲዛይነር ወለሉን ከየትኛውም አቅጣጫ እኩል ሲያበራው ሊሾው ፕላስቲክ ይሆናል። እንዲሁም ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ10 እጅ 8ቱን ገደማ የሚመልስ ሆኖ ሳለ 10ሩንም እንዲመልስ ከታዘዘ፣ ብርሃኑ የሚሞትበት አጥቶ ክፍሉ ወተት ይሞላል። ጠርዝም የራሱ ጣጣ አለው፤ አናጺ በብርጭቆ ወረቀት ያሸው የጠረጴዛ ጫፍ በአንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሚዶለዱም በዚያች ስስ መታጠፊያ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይተኛል፤ ኮምፒውተሩ ግን ካልተነገረው በቀር ጫፉን ከምላጭ በላይ ስለሚስለው መስመሯ ትቀራለች፤ ተመልካቹም ምን እንደ ጎደለ ሳያውቅ ጠረጴዛውን አያምነውም።

የዚህ ሙያ ታሪካዊ ዕቃ የሻይ ማፍያ መሆኑም እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርቲን ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1975 የቤቱን የሻይ ማፍያ ቅርጽ በቁጥር አስፍሮ ለባልደረቦቹ ስላካፈለ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ የብርሃን ስሌት የፈለሰፈ ሁሉ በዚያ ማፍያ ሲሞክር ኖሯል። ለፍትሕ ሲባል ጀበና ቢመረጥ ፈተናው ይከብድ ነበር፤ ሆዱ ላይ እጅና ቅባት የነካው ጥቁር ሸክላ ያብለጨልጫል፣ መቀመጫው በጥላሸት ብርሃን ይውጣል፣ አንገቱ ላይ የገነፈለ ቡና የደረቀበት መስመር ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አንድ ዕቃ ላይ ሦስት ገጽታ ማለት ነው። ማንም ኒውዌልን ቡና አልጠራውም።

ከሁሉ በላይ ሬንደርን የሚያጋልጠው ግን ፀሐይ ነው። ወልቂጤም ቡታጅራም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከ58 ዲግሪ በታች ዝቅ የምትልበት ቀን በዓመት ውስጥ የላቸውም። በጣም ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ፣ የላይኛው ጠርዙ ከወለሉ 2.1 ሜትር ከፍ ባለ የደቡብ መስኮት የገባ የቀትር ፀሐይ ወለሉ ላይ 1.3 ሜትር ያህል ተራምዶ ይቆማል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የደቡቡ መስኮት ጨርሶ አያገኛትም። በአንጻሩ የታዋቂው የቤት ዕቃ ኩባንያ የአይኪያ የትውልድ ከተማ የሆነችው የስዊድኗ አልምሁልት 56 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ፣ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ በዚያው ልክ ባለ መስኮት ወደ 12 ሜትር ትዘልቃለች፤ ማለትም ሳሎኑን አቋርጣ፣ ጓዳውን አልፋ፣ ጎረቤት ትገባለች። በኢንተርኔት የሚሸጡትና በነጻ የሚወርዱት ዝግጁ የሳሎን ትዕይንቶች አብዛኞቹ የሰሜን አገሮችን ልማድ ስለሚከተሉ፣ ያቺ የተጋደመች ፀሐይ ከሶፋው ጋር አብራ ቡታጅራ ትመጣለች። ስዊድን በኢትዮጵያ የሕንጻ ትምህርት ላይ ያላት ውለታ የታወቀ ነው፤ የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ፀሐይዋን ግን ማንም አላዘዘም።

ይህን ስሕተት የሚይዘው ሰው የግድ መሐንዲስ አይደለም። የማረቆ በርበሬ ገዝተው በግቢያቸው የሚያሰጡ አንዲት የቡታጅራ እናት፣ ፀሐይ በየትኛው ወር በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደምትዞር የሚያውቁት ፀሐይን ተከትለው የስጡን ጅባ ሲጎትቱ በመኖራቸው ነው። የልጃቸው ቤት ሬንደር በስልክ ሲታያቸው፣ «ቤቱ ያምራል፤ ግን የት አገር ነው?» ብለው የሚጠይቁት ለነቀፋ ሳይሆን የምር ግራ ገብቷቸው ነው። እርሳቸው የሚያውቁት ሳሎን በቀትር የሚበራው በቀጥታ በገባች ፀሐይ ሳይሆን ደጅ አርፋ በነጠረች ፀሐይ ነው፤ ብርሃኑ ከግቢው ቀይ አፈርና ከበረንዳው ሲሚንቶ ተነሥቶ ወደ ላይ ስለሚገባ፣ ኮርኒሱ በመስኮቱ በኩል ሞቅ ያለ ቀለም ይዞ፣ ወደ ጓዳው በተጠጋ መጠን እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ሳሎኑን ብቻ እንዲሠራ የተዋዋለ ዲዛይነር፣ በምስሉ ላይ የማይታየውን ግቢ ጭምር አፈሩን በትክክለኛ ቀለሙ አልብሶ መሥራት ይኖርበታል፤ ለማይታይ ግቢ የሚከፍል ባለቤት ግን እስካሁን አልተወለደም።

የሰዓቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ሶፍትዌሩ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ሲነገረው ፀሐይን ራሱ አስልቶ ያስቀምጣል። ባለቤቱ «የ3 ሰዓት ፀሐይ አድርግልኝ፣ ጠዋት ቡና ስንጠጣ» ይላል፤ ዲዛይነሩ በድካም ብዛት 3 ብሎ ይጽፋል፤ ሶፍትዌሩም ቁጥሩን በውጭ አቆጣጠር ወስዶ፣ በአገሩ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለውን ድቅድቅ ጨለማ በታላቅ ጥራት አስልቶ ያቀርባል። 6 ሰዓት ተጨምሮ ሲስተካከል እንኳ፣ የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከእነዚህ ከተሞች በስተምሥራቅ በሚያልፍ መስመር በመሆኑ፣ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ከመስኮቱ ማዶ የሚታየው ተክል ሌላ ፈተና ነው። የጉራጌ ቤት ያለ እንሰት አይታሰብምና ዲዛይነሩ በዝግጁ ሞዴሎች መደብር ውስጥ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ሙዝ ነው። ሁለቱ የሥጋ ዘመድ ስለሆኑ በሩቅ ለሚያይ የውጭ ሰው ልዩነት የላቸውም፤ የእንሰት ግንድ ግን ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ሲሄድ፣ ቅጠሉም ከሙዝ ይልቅ ሽቅብ ቆሞ ይዘረጋል። ዲዛይነሩ ይህን አርሞ፣ ግንዱን አወፍሮ፣ ቅጠሉን አቁሞ ሲጨርስ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ እንሰት ለመፋቅ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ስለሆነና በዕድሜው ተለይቶ በረድፍ ስለሚተከል፣ የአንድ ቤት ዕድሜ በእንሰቱ ቁመት ይነበባል። በዚህ ዓመት የሚሠራ ቤት ጓሮ ውስጥ ጣሪያ የሚስተካከል እንሰት ያስቀመጠ ሬንደር፣ ወይ መሬቱ የሌላ ሰው ነበር ወይ የነበረው ቤት ፈርሷል ብሎ እየመሰከረ ነው፤ በይዞታ ክርክር ላይ ያለ ባለቤት ደግሞ ይህን ምስክር አይፈልግም።

በቤቱ ውስጥ ያለውም ዕቃ የመደብሩን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ማንም የማይጨምቀው ሳህን ሙሉ ሎሚ፣ ማገዶ የማያውቅ የእሳት ምድጃ፣ በማይታወቅ ቋንቋ የታተመ መጽሔት፣ አልፎ አልፎም ወይን የተቀዳበት ብርጭቆ፣ ከሶፋው ጋር አንድ ጥቅል ሆነው ይወርዳሉ። ብርጭቆው ሳይነሣ የቀረበት ሬንደር ለአንድ የቡታጅራ ሐጂ በቀረበ ጊዜ የሚደረገውን ንግግር መገመት አያስቸግርም፦ «ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» «ጭማቂ ነው ሐጂ፤ የወይን።» «እኛ ጭማቂ የምንጠጣው በጆግ ነው።» ጆግ ይገባል፤ ሶፋው ወጥቶ መጅሊስ ይነጠፋል፤ ሎሚው ተነሥቶ ረከቦት ይቀመጣል። ቄጤማ ይጎዝጎዝ የተባለ እንደሆነ ግን ዲዛይነሩ ይማልዳል፤ እያንዳንዷ ሰበዝ ለብቻዋ ጥላ አላትና።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ምስሉ የማይታመንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ንጹሕነቱ ነው። የእውነተኛ ሳሎን ፎቶግራፍ ላይ መጋረጃው ከአንዱ ቀለበት ተላቋል፣ በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ግድግዳው በጣት ወዝ ጠቁሯል፣ የሶፋው ዳንቴል ወደ አንድ በኩል ተንሸራቷል፣ ቢጫ ጄሪካን በሩ ጥግ ቆሟል። ዕውቀት ያለው ዲዛይነር እነዚህን አንድ በአንድ ያስገባል፤ ትራሱን ጥቂት ያጎደጉዳል፤ ወለሉ ላይ ለዓይን የማይታይ የሚመስል ጭረት ይጭራል። ባለቤቱ ምስሉን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ «ይህ ሶፋ ያገለገለ ነው እንዴ?» ይላል። «ጋሼ፣ ትራሱ ካልተጎደጎደ ሰው የተቀመጠበት አይመስልም።» «እኔ ባለቤቱ ሳልቀመጥበት ማን ተቀምጦበት ነው?» ለዚህ ጥያቄ በሙያው መጻሕፍት ውስጥ መልስ የለም። ትራሱ ይነፋል፤ ጭረቱ ይወገዳል፤ ጄሪካኑማ ገና ሳይታይ ተባሯል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ባለቤት ምስሉን ለዘመድ አሳይቶ ይመለስና፣ «ያምራል፤ ግን የኮምፒውተር ነው ተባልኩ» ብሎ ያማርራል። የእውነተኛነት ምልክት ሁሉ በባለቤቱ ትእዛዝ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ የቀረው እውነተኛ እንዲመስል መጠየቅ የዚህ ሙያ የዘወትር ዕጣ ነው።

ይህ ችግር የአነስተኛ ከተሞች ብቻ እንዳይመስል፣ አይኪያ የደረሰበት መታየት አለበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 በካታሎጉ ውስጥ የመጀመሪያውን በኮምፒውተር የተሠራ የወንበር ምስል አሳትሞ፣ በ2014 ከምርቶቹ ምስሎች ከአራት ሦስቱ ያህል በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሆነው ነበር። በመካከሉ፣ በ2009፣ የምርት ኃላፊዎች በኮምፒውተር የሚሠሩት ምስሎች እጅግ መጥፎ ናቸውና ይቁም ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ ምስሎቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ መጥፎ የተባሉት እውነተኛ ፎቶግራፎች፣ ጥሩ የተባሉት ደግሞ የኮምፒውተር ሥራዎች ሆነው ተገኙ። ኩባንያው ያገኘው መፍትሔ ፎቶ አንሺዎቹን ኮምፒውተር፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹን ፎቶ ማንሣት ማስተማር ነበር። ጥሩ ሬንደር ሠሪ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ካሜራን ማወቅ አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ወዲህ አከራካሪነቱ ቀርቷል።

ካሜራ ማወቅ ግን መዘዝ አለው። በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ካሜራ ሥጋና ደም ስለሌለው የትም መቆም ይችላል። 4 ሜትር ስፋት ያለውን የወልቂጤ ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ለሰው ዓይን በሚቀርብ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለማሳየት፣ ካሜራው ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ 5.5 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ሳሎኑ ወደ ውስጥም 4 ሜትር ከሆነ ካሜራው ግድግዳውን በስቶ፣ አጥሩ ቅርብ ከሆነም ጎረቤት ግቢ ቆሟል ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ከካሜራው ፊት ያለውን ግድግዳ እንዳይታይ ማድረግ ይችላልና ማንም አያውቅበትም። ሌላው አማራጭ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ አድርጎ ክፍሉ ውስጥ መቆም ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሳሎኑ የሠርግ አዳራሽ ያህል ይለጠጣል፤ ብዙ ባለቤቶች የሚመርጡት ይህንን ነው።

ባለቤቱ ቤቱ ለመስቀል፣ በቡታጅራም ብዙ ጊዜ ለአረፋ፣ እንዲደርስ ይሯሯጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዘመድ የሚያርፈው በዚያ ነውና። ሶፋው የሚታዘዘው ደግሞ ሜትር ይዞ ክፍሉን በመለካት ሳይሆን ሬንደሩን ለሶፋ ሠሪው በስልክ በመላክ ነው፤ በምስሉ ላይ ባለ 7 መቀመጫው ሶፋ በዙሪያው ሰው የሚተላለፍበት፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ቦታ ተርፎታል። ሶፋው በአይሱዙ መጥቶ በር ላይ ሲቆም፣ መዝጊያው ይነቀላል፤ መዝጊያው ተነቅሎ አልገባ ሲል የመስኮቱ ፍርግርግ ይታያል፤ በመጨረሻ አንዱ ክንፍ ተቆርጦ በረንዳ ላይ እንዲቀር ይወሰናል። ዲዛይነሩ ስልክ ተደውሎለት ሲመጣ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ በምስሉ ላይ የገባው እንዴት ነው? እርሱም ግድግዳውን አንሥቶት እንደነበር ያስረዳል፤ ባለቤቱም ግንበኛውን ጠርቶ ግድግዳውን ማንሣት ስንት እንደሚያስወጣ ይጠይቃል።